ለውጭ አገር ጉዞ ገንዘብ በምን ይያዝ? ካርድ፣ ኤቲኤም እና ጥሬ ዶላር ሲነጻጸሩ

አምና ከእህቴ ጋር ለሰርግ የሚሆን ዕቃ ልንገዛ ዱባይ ሄደን ነበር። ሻንጣ ስንጠብቅ እህቴ አንድ የምንዛሪ መስኮት አየች። በትልቁ "ኮሚሽን የለም" ተብሎ ተጽፎበታል። ለታክሲም ለምሳም ይሆነናል ብላ 500 ዶላር ዘረዘረች። 1,710 ዲርሃም ቆጥረው ሰጧት። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ምንም አልመሰለኝም።

በማግስቱ ዴይራ በሚባለው የዱባይ የገበያ ሰፈር ስንዞር አንድ መመንዘሪያ ቤት በር ላይ የዕለቱን ተመን አየን። ለአንድ ዶላር 3.65 ይላል። እህቴ ስልኳን አውጥታ አባዛችው። እዚህ ብትዘረዝር 1,825 ዲርሃም ታገኝ ነበር። ከኤርፖርቱ ሳንወጣ 115 ዲርሃም ጠፍቷል ማለት ነው።

መስኮቱ ላይ የተጻፈው ውሸት አልነበረም። ኮሚሽን አልወሰዱም። የወሰዱት ከተመኑ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጉዞ ስነሳ መጀመሪያ የማየው ክፍያውን ሳይሆን በመጨረሻ እጄ ላይ የሚገባውን ገንዘብ ነው። ይህን የምጽፈውም ብዙ ወዳጆቼ፣ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ከአዲስ አበባም የሚነሱ፣ ጉዞ በደረሰ ቁጥር "ካርድ ልያዝ ወይስ ካሽ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው።

በምን እንለካው?

መለኪያው አንድ ነው። ከሂሳቤ 1,000 ዶላር ሲወጣ በአገሩ ገንዘብ ስንት ያገኛል? ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ገንዘቡ የሚሸረፈው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ተመኑ ነው፣ ማለትም በሰጡን ዋጋና በእውነተኛው ገበያ መካከል ያለው ልዩነት። ሁለተኛው በመቶ እየታሰበ የሚቆረጠው ነው። ሦስተኛው ብዙም ብታወጡ ጥቂትም ብታወጡ ያው የሆነው ቋሚ ክፍያ ነው፣ 20 ዶላር ብታወጡም 400 ብታወጡም 5 ዶላር የሚወስደው ዓይነት። ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን አይቶ ሁለቱን ይረሳል።

ከዋጋው ጎን ለጎን ሁለት ነገር አያለሁ። ቢጠፋብኝ ወይም ቢሰረቅብኝ ይመለሳል ወይ? የምሄድበት ቦታስ ይቀበለዋል ወይ? ርካሹ መንገድ ገበያው መሃል ካልሠራ ምን ይጠቅማል።

ለንጽጽሩ ዱባይን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የኤምሬትስ ዲርሃም ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ በዶላር 3.6725 ላይ ታስሯል። ዛሬ ይወጣል ነገ ይወርዳል የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ማንም የሚሰጣችሁን ተመን በ3.6725 አጠገብ አስቀምጣችሁ ስንት እንደተወሰደባችሁ እዚያው ቆማችሁ ታውቃላችሁ። የሳዑዲ ሪያልም እንዲሁ በ3.75 የታሰረ ነው፣ የጂቡቲ ፍራንክም በ177.721። ኢስታንቡል ወይም ናይሮቢ ለሚሄድ ግን ተመኑ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ከመዘርዘሩ በፊት በስልኩ የመግዣና የመሸጫውን መካከለኛ ማየት አለበት። እሱን ሳታዩ መስኮት ፊት አትቁሙ።

እንግዲህ 1,000 ዶላር በሙሉ ዋጋው 3,672.50 ዲርሃም ነው። እያንዳንዱ መንገድ ከዚህ ላይ ስንት እንደሚበላ እንይ።

ካርዱን ሱቅ ላይ መጠቀም

ቪዛና ማስተርካርድ የየዕለቱ ተመናቸውን በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ከገበያው መካከለኛ ብዙ አይርቅም፣ በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ካርድ በራሱ ውድ አይደለም። ውድ የሚያደርገው ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ከላይ የሚጨምረው ነው።

ብዙ የአሜሪካ ካርዶች ከአገር ውጭ ለሚደረግ ግዢ 3 በመቶ ይጨምራሉ። ብዙ የእንግሊዝ ካርዶችም ወደ 3 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ለ1,000 ዶላር 30 ዶላር ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ለሰርግ የ4,000 ዶላር ዕቃ የሚገዛ ሰው 120 ዶላር ሰጠ ማለት ነው። በዚያ አንድ ጥሩ ቀሚስ ይገዛ ነበር።

በሌላ በኩል ይህን ክፍያ ጨርሶ የማይወስዱ ካርዶች ሞልተዋል፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸውም አሉ። ካርዳችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የውሉን የክፍያ ዝርዝር ማየት ወይም ከካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር ደውሎ መጠየቅ ነው። "ከአገር ውጭ ስጠቀም ስንት ትጨምራላችሁ?" በሉ። መልሱ ዜሮ ከሆነ በሱቅ፣ በሆቴልና በሬስቶራንት ከእሱ የሚበልጥ መንገድ አታገኙም። ካልሆነ ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሌላ አውጡ፣ ካርድ በፖስታ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆቴልና መኪና አከራይ ስትገቡ መያዣ ይይዙባችኋል። ለዚያ ዴቢት ካርድ አትስጡ። በዴቢት ከያዙት የታሰረው የራሳችሁ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁሉ አታወጡትም። ለመያዣ ክሬዲት ካርድ ነው የሚሻለው።

ማሽኑ "በዶላር ልቁረጥልዎ?" ሲል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ነው። ጥሩ ካርድ ይዞ፣ ሁሉን አስቦ፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያጣዋል።

ካርዳችሁን ስትሰጡ ማሽኑ የአሜሪካ ካርድ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ይጠይቃል፦ በዲርሃም ልቁረጥ ወይስ በዶላር? ዶላሩ የምታውቁት ገንዘብ ስለሆነ ልባችሁ ወደዚያ ያደላል። አስተናጋጁም አንዳንዴ ራሱ ይጫንላችኋል። በዶላር ስትሉ ግን ምንዛሪውን የሚሠራው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑ ይቀርና የማሽኑ ባለቤት ይሆናል፣ ተመኑንም እሱ ነው የሚያወጣው።

በቁጥር ላሳያችሁ። የሆቴል ሂሳብ 3,672.50 ዲርሃም ነው እንበል። በዲርሃም ብትሉ ከሂሳባችሁ 1,000 ወይም 1,005 ዶላር ይቆረጣል። በዶላር ብትሉና ማሽኑ 6 በመቶ ቢጨምር 1,060 ዶላር ይሆናል። አሁን የባሰው ይመጣል። ካርዳችሁ የ3 በመቶ ክፍያ ያለው ከሆነ፣ ብዙ ባንኮች ግዢው ከአሜሪካ ውጭ እስከተፈጸመ ድረስ በዶላር ቢቆረጥም ያስከፍላሉ። ስለዚህ ሌላ 31.80 ይጨመራል። 1,091.80 ዶላር ከፈላችሁ። ከ90 ዶላር በላይ ተጨማሪ ነው፣ ከዚህ 60 ገደማው በአንዲት ቁልፍ ምክንያት።

መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ዱባይ ዲርሃም፣ ሮም ዩሮ፣ ናይሮቢ ሽልንግ። አስተናጋጁ ሳይጠይቃችሁ በዶላር ከቆረጠ ደረሰኙ ላይ ታያላችሁ፣ ሳትፈርሙ "ሰርዘውና በዲርሃም ድገመው" በሉት። መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ።

ኤቲኤም ላይ ደግሞ ጥያቄው ጠምዘዝ ይላል። ገንዘቡን ካዘዛችሁ በኋላ አንድ ተመን ያሳይና "ተቀበል" ወይም "አትቀበል" ይላል። ሰው "አልቀበልም" ካለ ገንዘቡ የማይወጣ ይመስለዋል። ይወጣል! "አልቀበልም" ማለት ምንዛሪያችሁን አልፈልግም ማለት ብቻ ነው። ብሩ በባንካችሁ ተመን ይወጣላችኋል።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚንቀሳቀሱ አንድ ጥሩ ሕግ አለ። ከኤፕሪል 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያለ ምንዛሪ የሚያቀርብ ማሽን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ማሳየት አለበት። ስቶክሆልም የሚኖር ሰው በክሮና ካርዱ ሮም ላይ ሲከፍል ያን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይፈልግ። አንዴ ካየው በኋላ ዳግመኛ አይሳሳትም።

ኤቲኤም

ጥሬ ገንዘብ ከፈለጋችሁ ኤቲኤም በጣም ርካሹም በጣም ውዱም ሊሆን ይችላል። የሚወስነው ሦስት ነገር ነው፦ የራሳችሁ ባንክ፣ የማሽኑ ባለቤት እና በአንድ ጊዜ የምታወጡት መጠን።

ለውጭ አገር ኤቲኤም 5 ዶላር ቋሚና 3 በመቶ የሚወስድ የአሜሪካ ባንክ እንያዝ፣ የተለመደ ነው። 40 ዶላር ብታወጡ 5 ዶላርና 1.20 ይቆረጣል። 6.20 ዶላር ነው፣ ከ15 በመቶ በላይ! በዚያው ካርድ 400 ዶላር ብታወጡ 17 ዶላር ይቆረጣል፣ ከ4 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ካርዱ ያው፣ ማሽኑ ያው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ካርድ ያለው ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማውጣት የለበትም። አንዴ ወይም ሁለቴ ጠቀም አድርጎ ያውጣ፣ ግማሹን ሆቴል ካዝና ውስጥ ያስቀምጥ።

የማሽኑ ባለቤት ክፍያ እንደየአገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ማሽን ነጻ ነው። ታይላንድ ውስጥ ግን ለውጭ ካርድ በእያንዳንዱ ጊዜ 220 ባህትና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፣ ከ6 ዶላር በላይ ነው። ማሽኑ ከማውጣታችሁ በፊት ስለሚነግራችሁ ካልተመቻችሁ ሰርዛችሁ ሌላ ሞክሩ።

የኤቲኤም ክፍያን ተመላሽ የሚያደርጉ ሂሳቦችም አሉ። በአሜሪካ የቻርልስ ሽዋብ የቼኪንግ ሂሳብ በዚህ ይታወቃል፦ የ3 በመቶውን አይወስድም፣ የማሽን ባለቤቶች የሚወስዱትንም ይመልሳል። ከአክሲዮን ሂሳብ ጋር ተያይዞ ነው የሚከፈተው። አንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖችም (የአባላት የቁጠባና የብድር ማኅበራት) ጥሩ ናቸው፣ ያላችሁበትን ጠይቁ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚጓዝ ሰው እንዲህ ያለ ሂሳብ መክፈት ዋጋ አለው። በአምስት ዓመት አንዴ ለሚሄድ ግን ድካሙ ይበልጣል።

ማሽን ስትመርጡ ከባንክ ቅርንጫፍ ጋር የተያያዘውን፣ በሥራ ሰዓት ምረጡ። ካርዱን ቢውጠው ገብታችሁ የምታናግሩት ሰው አለ። መንገድ ዳር ወይም ሱቅ ጥግ ለብቻው የቆመው፣ የባንክ ስም የሌለበት ማሽን ብዙ ጊዜ ክፍያውም ከፍ ያለ ነው፣ ከላይ ያወራነውን ጥያቄም አብዝቶ ይጠይቃል። ፒናችሁ ደግሞ አራት አሃዝ ይሁን፣ በፊደል ሳይሆን በቁጥር በቃላችሁ ያዙት። ብዙ ቦታ ቁልፉ ላይ ፊደል የለም።

ጥሬ ዶላር

ሽማግሌዎቻችን "ካሽ ያዝ" የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዶላር ኔትወርክ አይጠይቅም። ዱባይ ዴይራ ውስጥ ወይም ኢስታንቡል ግራንድ ባዛር አካባቢ ያሉ መመንዘሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ስለሚፎካከሩ ጥሩ ተመን ይሰጣሉ። በ3.65 ከዘረዘራችሁ ከ1,000 ዶላር የምታጡት 6 ዶላር አካባቢ ብቻ ነው። የ3 በመቶ ካርድ ካለው ሰው በጣም ትሻላላችሁ።

ያው ዶላር ኤርፖርት ላይ በእህቴ ተመን ቢዘረዘር ግን 69 ዶላር ይጠፋል። ስለዚህ ኤርፖርት ላይ ለታክሲ የምትበቃዋን ብቻ ዘርዝሩ፣ ታክሲው ካርድ የሚቀበል ከሆነ እሷንም ተዉት።

ለብሮቹ ተጠንቀቁ። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቦታ ከእ.ኤ.አ. 2013 በፊት የታተመውን፣ ሰማያዊ መስመር የሌለውን 100 ዶላር ወይ አይቀበሉም ወይ ዋጋ ይቀንሱበታል። የተጨማደደ፣ የተጻፈበት፣ ጫፉ የተቀደደም እንዲሁ። የ1፣ የ5ና የ10 ኖቶች በዝቅተኛ ተመን የሚገዙባቸው ቦታዎችም አሉ። ከባንክ ስትወስዱ አዲስና ባለ 100 ስጡኝ በሉ።

አንድ የማይታይ ስህተትም አለ፦ ሁለቴ መመንዘር። ናይሮቢ የሚሄድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ዶላሩን ዩሮ አድርጎ፣ ናይሮቢ ላይ ዩሮውን ሽልንግ ካደረገ ሁለቴ ተቆርጦበታል። ዶላር ካላችሁ ዶላራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የካሽ ትልቁ ችግር ከጠፋ ጠፋ ነው። ማንም አይመልስላችሁም። ሕጉንም እወቁ፦ አሜሪካ ስትገቡም ስትወጡም ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ተከፋፍሎ በመያዝ ከዚህ አያመልጥም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ ነው። መያዝ አይከለከልም፣ አለማሳወቅ ነው ገንዘቡን የሚያስወርሰው።

የስልክ ሂሳቦችና ሌሎቹ

እንደ ዋይዝና ሬቮሉት ያሉት በስልክ መተግበሪያ የሚከፈቱ ሂሳቦች ብዙ ዓይነት ገንዘብ በአንድ ካርድ ያስይዛሉ። ተመናቸው ለገበያው ቅርብ ነው፣ ክፍያቸውንም አስቀድመው በግልጽ ያሳያሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። በነጻ የሚፈቅዱት የኤቲኤም መጠን በወር ትንሽ ነው፣ ካለፈ ያስከፍላሉ። ሬቮሉት ደግሞ በነጻው ደረጃ ላይ ቅዳሜና እሁድ ስትመነዝሩ 1 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚህ ዓርብ ላይ መንዝራችሁ ያዙ። ለአውሮፓ ነዋሪ እነዚህ ጥሩ መፍትሔ ናቸው። ከክፍያ ነጻ የሆነ ካርድ ላለው የአሜሪካ ነዋሪ ግን ብዙም አይጨምሩለትም።

ጓንዡ ለዕቃ የሚሄዱ ነጋዴዎቻችን ያውቁታል፣ ቻይና ውስጥ ሁሉም በስልክ ነው የሚከፍለው። አሊፔይና ዊቻት አሁን የውጭ ካርድ ይቀበላሉ። አሊፔይ ላይ እስከ 200 ዩዋን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይወስዳል። ምግብና ታክሲ በዚህ ክፈሉ፣ ትልቁን ግዢ በሌላ መንገድ። ኬንያ ደግሞ በስልክ የሚከፈልበት ኤምፔሳ አለ፣ በፓስፖርት ሲም አውጥቶ መመዝገብ ይቻላል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ለሚቆይ ሰው ይጠቅማል።

በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትን ተዉት። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ወይም ቢያንስ 10 ዶላር ይወስዳል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ሆስፒታል በር ላይ ቆማችሁ ሌላ መንገድ ካጣችሁ ብቻ ነው። ትራቭለርስ ቼክ የሚል ሰው ካገኛችሁ ጊዜው አልፏል በሉት።

በአንድ ላይ ሲታይ

ቁጥሮቹ ዱባይ ላይ 1,000 ዶላር ለመጠቀም ስንት እንደሚጠፋ ከላይ ባሰብኩት ስሌት ያሳያሉ። የማሽን ባለቤት ክፍያ አልተጨመረም።

| መንገድ | የሚጠፋው (ዶላር) | ቢጠፋ ይመለሳል? | የሚያዋጣው ለምን ነው |
|---|---|---|---|
| የውጭ ክፍያ የሌለው ካርድ፣ በአገሩ ገንዘብ | ከ0 እስከ 10 | አዎ | ሆቴል፣ ሱቅ፣ ሬስቶራንት |
| ባለ 3 በመቶ ካርድ፣ በአገሩ ገንዘብ | ከ30 እስከ 40 | አዎ | ሌላ ከሌለ |
| ካርድ "በዶላር ቁረጥ" ሲባል | 60፣ ከነ3 በመቶው ከ90 በላይ | አዎ | ለምንም |
| ኤቲኤም፣ ክፍያ በሚመልስ ሂሳብ | ከ0 እስከ 10 | ካርዱ አዎ፣ የወጣው ብር አይመለስም | ጥሬ ገንዘብ |
| ኤቲኤም፣ 5 ዶላርና 3 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ | 40 | እንደላይኛው | ጥሬ ገንዘብ፣ ጠቀም ተደርጎ |
| ያው ኤቲኤም፣ አሥር ጊዜ | 80 | እንደላይኛው | ለምንም |
| ጥሬ ዶላር፣ ከተማ ውስጥ | 6 አካባቢ | አይመለስም | ገበያ፣ ታክሲ፣ ድርድር |
| ጥሬ ዶላር፣ ኤርፖርት | 69 | አይመለስም | ለመጀመሪያዋ ታክሲ ብቻ |
| የስልክ ሂሳብ ካርድ | ከ5 እስከ 15 | አዎ | ለአውሮፓ ነዋሪ |
| ክሬዲት ካርድ ላይ ጥሬ ገንዘብ | 80 (5 በመቶው ከነ3 በመቶው) እና ወለድ | እንደ ኤቲኤሙ | ለድንገተኛ ችግር |

ከየት ተነስታችሁ ወዴት?

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሽርሽር የምትወጡ ሁለት ካርድ ያዙ፣ ከሁለት የተለያዩ ባንኮች፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች። አንዱ በቦርሳ፣ ሌላው በሻንጣ። ከ200 እስከ 300 የሚሆን ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ለክፉ ቀን ጨምሩ። ካሽ የሚያስፈልጋችሁ ሲሆን ኤቲኤም። በቃ።

ወደ አዲስ አበባ ለምትሄዱ ሚዛኑ ይለወጣል፣ ጥሬ ዶላር ወደፊት ይመጣል። የውጭ ቪዛ ካርድ የሚቀበሉ ኤቲኤሞች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፣ ግን ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ብር የተወሰነ ስለሆነ ያ ቋሚ 5 ዶላር ደጋግሞ ይበላችኋል። "ኔትወርክ የለም" የምትባለውም ቀን አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ተመን ያወጣሉ፣ ስለዚህ ሦስት አራት ባንክ ማወዳደር ትርጉም አለው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ባንክ ያልሆኑ ፈቃድ ያላቸው የምንዛሪ ቢሮዎችም ገብተዋል፣ እነሱንም እዩ። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ስትመለሱ የተረፈውን ብር ዶላር ላድርግ ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ መንገድም አለ። ከመነሳታችሁ በፊት በሕጋዊ የሐዋላ መተግበሪያ ወደ እናታችሁ ወይም ወደ ወንድማችሁ ሂሳብ ላኩና ስትደርሱ ብሩን ተቀበሉ። የሐዋላው ተመን ከካሽ ተመን የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ በሻንጣ ይዞ የመዞሩ ስጋትም ይቀራል። ከመላካችሁ በፊት መተግበሪያው "የሚደርሰው" ብሎ የሚያሳየውን ብር ለላካችሁት ዶላር አካፍሉት፣ እውነተኛው ተመናችሁ እሱ ነው።

ስለ ጥቁር ገበያ ሁሌም እጠየቃለሁ። አልመክርም። ሕገ ወጥ ነው፣ ሐሰተኛ ኖት አለ፣ ዶላር ይዛችሁ መምጣታችሁን የማታውቁት ሰው ያውቃል። የሚያተርፋችሁ ልዩነት ከልጆቻችሁ ጋር ወደ አገር የገባችሁበትን ሰላም አይተካም።

ከአዲስ አበባ ለምትወጡ ደግሞ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንክ ትሄዳላችሁ። ጥሬ ዶላር ወይም በዶላር የሚሞላ ቅድመ ክፍያ ካርድ ነው የሚሰጣችሁ። ተመኑን ብቻ አትጠይቁ። ከተመኑ በላይ የሚታሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሩና "አንድ ዶላር በጠቅላላ በስንት ብር ወጣብኝ?" ብላችሁ አስሉ፣ ከዚያ ባንኮቹን አወዳድሩ። ካርዱን ከወሰዳችሁ ከዶላር ውጭ በሆነ ገንዘብ ሲከፈል ስንት እንደሚቆረጥ ጠይቁ። ለዱባይና ለኢስታንቡል ጥሬ ዶላሩ ከተማ ውስጥ ጥሩ ይመነዘራል፣ ካርዱ ለሆቴል ይሁን። ለሮም ወይም ለፓሪስ ባንኩ ዩሮ ካለው በቀጥታ ዩሮ ግዙ፣ ሁለቴ እንዳይቆረጥባችሁ። ለቻይና ካርዱ ይበልጣል። ባንኩ የሚሰጣችሁን የግዢ ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት፣ ቦሌ ላይ ስለያዛችሁት ዶላር ብትጠየቁ መልሳችሁ እሱ ነው።

ሪያድ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሠርታችሁ ወደ አገር ለምትገቡ አንዲት ስሌት ልስጣችሁ። ሪያሉን እንዳለ ልያዝ ወይስ ዶላር ላድርገው ስትሉ ባንኩ ለሪያል የሚሰጠውን ተመን በ3.75 አባዙት። ውጤቱ ከዶላሩ መግዣ ጋር ከተቀራረበ ሪያሉን ያዙ። ለስሌት እንዲመች ዶላር 150 ብር ቢሆን ሪያል 40 ብር መሆን ነበረበት። 37 ከሰጡ 7.5 በመቶ ሄደባችሁ፣ ስለዚህ እዚያው ዶላር አድርጋችሁ መምጣት ይሻላል። ለዲርሃም በ3.6725 ነው።

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወደ ውጭ ለሚመጡ ወላጆች ብዙ አትጨነቁ። እናቴ ስትመጣ መንገድ ላይ የምትይዘው 100 ዶላር ነው፣ በትንንሽ ኖት፣ ለውሃና ለስልክ። እዚህ ከደረሰች በኋላ ወጪው የእኛ ነው። ፒን እና ስክሪን ውስጥ አላስገባትም።

የመጨረሻው የተረፈውን ነገር ነው። ሳንቲም ማንም አይመነዝርላችሁም፣ ኖቱንም ኤርፖርት ላይ መልሳችሁ ከሸጣችሁ በሁለት በኩል ተቆረጠባችሁ። እኔና እህቴ የመጨረሻው ቀን ጠዋት የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ኪሳችንን አራገፍን። 214 ዲርሃም ነበረን። "ይህን ከሂሳቡ ላይ ቀንስና ቀሪውን ከካርዱ ቁረጥ፣ በዲርሃም" አልነው። ልጁ ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጥሮ ወሰደልን።